የፀሐይ ፓኔሎችን ከመብረቅ ስለመጠበቅ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልን። ጎንደር የምንማር የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሜዳ ላይ የተተከሉ የፀሐይ ፓኔሎችን ከመብረቅ መጠበቅ ነው። ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ ስለማይለየን ጉዳዩ በእጅጉ ያሳስበናል። የመብረቅ መከላከያ ዘንጎችን ብንተክል ይበቃል ወይስ የሚቀረን ነገር አለ?

መልስ 1፦
ዘንግ ብቻውን አይበቃም። መብረቁ ፓኔሎቹን ሳይነካ በአቅራቢያቸው ቢወድቅ እንኳ፣ የሚፈጥረው ፈጣን የማግኔት መስክ ለውጥ በገመዶቹ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያስነሳ ኢንቨርተሩን (የፓኔሎቹን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረውን መሣሪያ) ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ገመዶችን አጠጋግታችሁ ዘርጉ፤ በመካከላቸው ያለው ስፋት ባነሰ ቁጥር የሚነሣው ቮልቴጅም ያንሳል። ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚከላከል መሣሪያ) በኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ግጠሙ፤ ገመዱ ከ10 ሜትር ከበለጠ ደግሞ በፓኔሎቹ በኩል ሌላ ጨምሩ። የዘንጉንም ጥላ አስቡበት፤ ጥቂት ሴሎች ላይ ያረፈ ጥላ በተከታታይ የተያያዘውን መስመር በሙሉ ያዳክማል።

መልስ 2፦
እኔ ከመሬቱ ጀምሩ እላለሁ። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን እየተሰነጣጠቀ፣ የመብረቁን ኃይል ወደ መሬት እንዲያሳልፍ ከተቀበረው ብረት ይላቀቃል። እኔ በለካሁበት አንድ ቦታ ስንጥቁ ጣት ያስገባ ነበር። ስለዚህ የምድር ሽቦውን ሬዚስታንስ በደረቁ ወራት ለኩ፤ አይኢሲ 62305 በተባለው ዓለም አቀፍ የመብረቅ መከላከያ ደረጃ የሚመከረው ከ10 ኦም በታች ነው። የፓኔሎቹን የብረት መቆሚያዎችም ከአንድ የምድር መረብ ጋር አገናኙ።

ጠያቂዎቹ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። እስካሁን የለካነው በነሐሴ ብቻ ስለሆነ፣ በመጋቢት ደግመን እንለካለን።