ቪትዝ የኋላ ቦኮላ ቀይሬ በ4 ወሩ ተመልሶ ላላ፣ ምን ይሻለኛል?

ባለቪትዝ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ 2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 90 ምናምን ስገባ መሪ ሳልነካ ኋላዋ ወደ ጎን ሸርተት ሸርተት ይላል፣ ሰፈር ኮብልስቶኑ ላይ ደሞ ቋ ቋ ነው። መጀመሪያ አሞርዛተር ነው ተባልኩ፣ ሁለቱንም ቀየርኩ፣ ያው ናት። ከዛ ሌላ መካኒክ አየና የኋላ አክስሉ ቦኮላ (አክስሉን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ) ነው አለኝ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዝቼ አስገባሁ፣ እውነቱን ለመናገር ለ2 ወር አዲስ መኪና የያዝኩ ነው የመሰለኝ። አሁን በ4 ወሩ ጎንበስ ብዬ ሳይ ላስቲኩ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፣ የግራውማ ጥፍሬን ያስገባል። ፌክ ነው የሸጡልኝ ወይስ ሌላ ነገር አለው?

ሞርሳ፦
ፌክም ሊሆን ይችላል ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፣ ብሎኑን ሲያጠብቁት መኪናዋ ክሪክ ላይ ነበረች ወይስ ጎማዋ መሬት ይዟል?

ባለቪትዝ፦
ክሪክ ላይ! አጠገባቸው ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ እንደውም "በደንብ ጥብቅ አርጉት" ያልኩት እኔው ነኝ

ሞርሳ፦
በቃ ተገኘ። ቦኮላው መሀል ያለው የብረት ቱቦ ብሎኑ ሲጠብቅ ይነከሳል፣ ከዛ በኋላ አይዞርም፣ አክስሉ ወደላይ ወደታች ባለ ቁጥር የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። እና አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋን መሬት ስታወርዳት ገና ሳትነዳት ላስቲኩ ተጠምዝዟል፣ ግቢ ቆማ እንኳን እንደተጠመዘዘ ነው የምታድረው፣ ከዛ ላይ ስፒድ ብሬከሩን ጨምርበት። 4 ወር መቆየቱም ይገርማል። ብሎኑ በእጅ ያህል ብቻ ይግባ፣ መኪናዋ ትውረድ፣ ከኋላ ሁለት ሶስቴ ጫን ጫን አርጋት እና በቦታዋ ትቀመጥ፣ ከዛ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ከስር ገብተው ያጥብቁት። ጉድጓድ ከሌለ ክሪኩን አክስሉ ስር ጎማው አካባቢ አርገህ ክብደቷ እስኪያርፍበት ማንሳት ነው።

የሰፈር ልጅ፦
ወንድሜ ምን አስጨነቀህ መርካቶ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጠው በርካሽ ይሰሩልሃል እኮ

ሞርሳ፦
@የሰፈር ልጅ እሱ ከቱቦው ጋር የተጣበቀ አይደለም፣ ዝም ብሎ የተጠቀጠቀ ነው። ለጋሪ ይሆናል

ጨው የበላው፦
እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ እዚህ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚረጩ ብሎኑ ቱቦው ውስጥ ዝጎ አንድ ይሆናል፣ የኔን በመጋዝ ነው ያስቆረጥኩት፣ አንተ እዛ እድለኛ ነህ። በላስቲኩ ፋንታ ፖሊዩሪቴን (ጠንካራ ፕላስቲክ ነገር) ቦኮላ አስገባ የሚልህ ካለ ለከተማ መኪና አልመክርም፣ ደረቅ ነው፣ እያንዳንዷ ጠጠር ወገብህ ላይ ነው የምትሰማህ፣ ሲሊኮን ግሪሱ ሲያልቅ ደሞ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።
አሮጌውን ለማውጣት ላስቲኩን በእሳት የሚያቃጥሉ አሉ፣ እንዳትፈቅድላቸው፣ የቤንዚን ታንከሩ እዛው አጠገቡ ነው። አዲሱ እንዲገባም የሞተር ዘይት እንዳይቀቡት፣ ላስቲክ ዘይት ይጠጣና አብጦ ይለሰልሳል፣ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ላስቲኩ ላይ ክፍት ክፍት ቦታ ያለው አይነት ከሆነ ደሞ እንዳገኙት አይገባም፣ አሮጌው ሳይወጣ አቅጣጫውን አክስሉ ላይ በቀለም ምልክት አስደርግ።

ባለቪትዝ፦
ቅዳሜ አስቀየርኩ፣ ዘንድሮ ሻይ የለም፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት ሃሃ። መካኒኩ መሬት ላይ ይጥበቅ ስለው መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ አውርዶ ጫን ጫን ሲያረጋት ግን ያልጠበቀው ብሎን ላይ ቱቦው ዞር ሲል በአይኑ አየው፣ ዝም ብሎ ቁልፉን አነሳ። ኮብልስቶኑ ላይ ቋ ቋው ጠፍቷል፣ አዳማን ገና አልሞከርኩም። የወጣውን የግራ ቦኮላ ይዤው መጣሁ፣ ቱቦው ከላስቲኩ ተላቆ በጣቴ ይሽከረከራል።