የኤሌክትሪክ አጥሩ አይነዝርም! በጎቹ ሊወጡብኝ ነው

እረኛው48፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። የኤሌክትሪክ አጥሩ አይነዝርም። ለሽቦው ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ጧ ጧ ይላል፣ መብራቱም ይበራል። ሽቦው ግን ሙት ነው። ውስጥ 200 በጎች አሉ። ሊመሽ ነው። አለቃዬ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም። ምን ላድርግ?

ቶማስ ዲሲ፦
በፍልሰታ 200 በግ ብለህ ስትጽፍ ትንሽ አታፍርም? ምራቄን ዋጥኩ እኮ።

መብራት ኃይል ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ተረጋጋ። ኤሌክትሪክ ዙር ነው። ከሳጥኑ ይወጣል፣ በሽቦው ይሄዳል፣ በጉ ሲነካው በበጉ አድርጎ መሬት ይገባል። ከዚያ በመሬቱ ተጉዞ በኧርዙ ብረት፣ ማለትም መሬት ውስጥ በተሰካው ብረት፣ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ዙሩ ካልገጠመ መንዘር የለም። አሁን መልስልኝ። የት አገር ነህ? ባትሪ ነው የቤት መብራት? መሬቱስ ምን ዓይነት ነው? ጠንቋይ አይደለንም።

ሶስና፦
ሳሩን አጭደኸዋል? ሳር ሽቦውን ከነካ ኃይሉን ይበላዋል።

እረኛው48፦
ይቅርታ ጋሼ። ፈረንሳይ ነኝ፣ ሎዜር፣ ኮስ ሜዣን የሚባል አምባ ላይ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፣ ሙሉ ነው። ሶስና፣ ሳር ብሎ ነገር የለም። በጋው አቃጥሎት ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው። ትናንት አጥሩን ወደ አዲስ ቦታ አዛውረነው ነበር፣ ከዚያ በፊት በደንብ ይሠራ ነበር።

ቶማስ ዲሲ፦
ይቺን መጀመሪያ አትናገርም?

ፓሪሱ፦
አጥሩ ለምን አስጨነቀህ? ፈረንሳይ ውስጥ ተኩላ የለም፣ ድሮ አልቋል። ግባና ተኛ።

የመንዝ ልጅ፦
አልቆ ነበር፣ ልክ ነህ። ግን በ1992 በፈረንጅ አቆጣጠር ከጣሊያን ተሻግሮ ተመልሷል። ደግሞ በሎዜር ስለ ተኩላ ቀልድ የለም። አገሩ ድሮ ዤቮዳን ይባል ነበር። ከ1764 እስከ 1767 አንድ አውሬ እረኞችን፣ በተለይ ሴቶችንና ልጆችን፣ እየበላ ንጉሡ ድረስ አነጋግሯል። ቤተ መንግሥቱ ከቬርሳይ አዳኝ እየላከ፣ በመጨረሻ የገደለው ግን የዚያው አገር ሰው ነው። እኔ መንዝ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት፣ ጅብ ነበር የምንፈራው። ተኩላ ባይመጣ እንኳ ገደሉ አለ። ታርንና ዦንት ወንዞች ኮሱን ቆርጠውት 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የደነገጠ መንጋ ተከታትሎ ነው የሚገባው።

እረኛው48፦
አታስፈራራኝ እንጂ! ከላዬ ጥንብ አንሳዎች እየዞሩ ነው፣ ሰባት ቆጠርኩ።

የመንዝ ልጅ፦
እነሱ ሁሌም ይዞራሉ። ከዚያ አካባቢ ጠፍተው ነበር። ከ1981 ጀምሮ ዦንት ገደል ላይ መልሰው ለቀዋቸው ተባዙ። የሞተ በግ ያጸዳሉ። እስኪሞትልህ ነው የሚጠብቁት።

ቶማስ ዲሲ፦
አሁን አጽናናኸው ማለት ነው።

ሁለት በጋ ኮስ ላይ፦
አንብበህ ቶሎ ሂድ፣ ይህ እኔም ላይ ደርሷል። ሳጥንህ ደህና ነው፣ ችግሩ ኧርዙ ነው። ኮስ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል፣ ላይ ወንዝ የለም። በነሐሴ አፈሩ ስስና ደረቅ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይመልስም። ትናንት ብረቱን ድንጋይ መሃል ነው የሰካችሁት፣ አይደል? አሁን ዙሪያህን ተመልከት፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ፈልግ። ቀይ አፈር ታጥቦ እዚያ ይጠራቀማል፣ እህል የሚዘሩትም እዚያው ነው። ብረቱን እዚያ ስካው። ሽቦ ካለህ ሳጥኑን አታንቀሳቅስ፣ የኧርዙን ሽቦ ብቻ አስረዝመው። ሦስት ብረት በሦስት ሦስት ሜትር ርቀት ከሰካህ ይበልጥ ጥሩ። ሥሩ ውሃ አፍስስ። ለሙከራ እርጥብ ሳር ይዘህ በጫፉ ሽቦውን ንካ፣ ቀስ እያልክ አቅርበው።

ቶማስ ዲሲ፦
ወይ በምላስህ።

ፓሪሱ፦
በጎቹ ውሃ የሚጠጡበት ኩሬ ዳር ቢሰካውስ? እርጥብ ነው።

ሁለት በጋ ኮስ ላይ፦
ኧረ እንዳትሰካው! ላቮኝ ነው የሚባለው። ውሃ እንዳያሰርግ ሥሩ በሸክላ አፈር የተደፈነ ነው። ብትበሳው አለቃህ በባሌ አስገብቶ በቦሌ ያስወጣሃል።

ሞንፔሊዬ፦
ወንድሜ፣ ከዚያ በረሃ ለምን አትወጣም? በፈረንሳይ ትንሹ ሕዝብ ያለው ዲፓርትመንት (እንደ አውራጃ ያለ) ነው፣ 77 ሺህ ገደማ ሰው። ሥራም የለም።

ሶስና፦
ሥራስ አለ። እኔ ማርቬዦል አጠገብ አካል ጉዳተኞች የሚኖሩበት ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሎዜር እንዲህ ባሉ ቤቶች የታወቀ ነው፣ ሰው ሁሌ ይፈልጋሉ። ኦብራክ በኩል የሥጋ ከብት አለ፣ ታርን ላይ በበጋ ቱሪስትና ጀልባ። የኮሱ በግ ወተት ደግሞ ሮክፎር ለሚባለው ሰማያዊ አይብ ይሄዳል። የጎደለው ሥራ ሳይሆን ሰው ነው። ግን ሳሩን አጭዶታል ወይ?

እረኛው48፦
ቀይ አፈር ያለበት ጉድጓድ አየሁ፣ 60 ሜትር ይሆናል። ሽቦ ጋጣ ውስጥ አለ። ብረት ግን አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ስልኬ 4% ነው፣ ልሂድ።

መብራት ኃይል ጡረተኛ፦
አንድም ቢሆን በጥልቀት ምታው። ከቤቱ መብራት ኧርዝ ጋር ደግሞ እንዳታገናኘው። ስትነቅልና ስትሰካ ሳጥኑን አጥፋ።

የመንዝ ልጅ፦
ነዘረህ ወይ?

ሁለት በጋ ኮስ ላይ፦
እዚያ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው፣ ኮረብታው ላይ ካልወጣ አይጽፍም። ጠብቁት።

መብራት ኃይል ጡረተኛ (በማግስቱ)፦
ልጄ፣ ምን ሆነ? አንድ ቃል ጻፍልን። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሶስና፦
ሳሩን ሳያጭድ ቀርቶ ነው።