ዩራኒየምን ከመሬት በታች አሟሙቶ ማውጣት የት ይሠራል፣ የት አይሠራም?

ጥያቄ፦
ካዛክስታን ዩራኒየሟን የምታወጣው አለቱን ቆፍራ ሳይሆን እዚያው አሟሙታ በጉድጓድ በመሳብ ነው። ዘዴው ርካሽ ከሆነ ካናዳ ሲጋር ሌክ በተባለው የዩራኒየም ማውጫዋ ዋሻ መቆፈሯ ለምንድን ነው? የከርሰ ምድር ውሃውስ ምን ይሆናል?

መልስ 1፦
ወሳኙ አለቱ ነው። ማዕድኑ ውሃ በሚያሳልፍ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ፣ ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል በታች መገኘት አለበት፤ ከላይና ከታችም ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንጣፍ ቢይዘው ይመረጣል። ያለዚያ ፈሳሹ ወይ ማዕድኑ ዘንድ አይደርስም፣ ወይ ያመልጣል።

በአለቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ባብዛኛው ባለአራት ቫለንስ (አራት ኤሌክትሮን ያጣ) ስለሆነ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ተጨማሪ ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ (ኦክሲዳይዝ ሆኖ) ባለስድስት ሲሆን ነው አሲዱ ወይም ባይካርቦኔቱ ይዞት የሚወጣው። ካዛክስታን ሰልፈሪክ አሲድ ትጠቀማለች፤ አሜሪካ ደግሞ በብዛት ባይካርቦኔትና ኦክስጅን። ካርቦኔት የበዛበት (ኖራማ) አለት ላይ አሲድ መላክ ኪሳራ ነው፦ አሲዱ ኖራው ላይ ያልቃል፣ ጂፕሰም (የካልሲየምና የሰልፌት ጨው) ይዘቅጣል፣ የአለቱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ።

ሲጋር ሌክ ሌላ ዓለም ነው። ማዕድኑ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ያለ፣ እጅግ የበለጸገና ውሃ ያዘለ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ማዕድን ማውጫው በውሃ ተጥለቅልቆ ምርቱ እስከ 2014 ዘገየ። አሁን መሬቱን አስቀድመው በረዶ እስኪሆን ያቀዘቅዙና በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይቦረቡሩታል፤ ሠራተኛ ማዕድኑ ውስጥ አይገባም።

መልስ 2፦
ስለ ጉድጓዶቹ ልጨምር። የማስገቢያው ግፊት እየጨመረ ፍሰቱ ከቀነሰ መደፈን ጀምሯል ማለት ነው፤ ጂፕሰም፣ የብረት ዝቃጭ፣ ያበጠ ሸክላ ወይም የጋዝ አረፋ ሊሆን ይችላል። ግፊቱን እየጨመሩ ማስገደድ አደገኛ ነው፤ የጉድጓዱ ሲሚንቶ ይሰነጠቅና ፈሳሹ ወደ ሌላ ንጣፍ ይሾልካል። መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ፣ ከዚያ ጉድጓዱን እጠቡ።

ሁልጊዜ ከምታስገቡት ትንሽ አብልጣችሁ ሳቡ፣ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል። በዙሪያው ባሉት መከታተያ ጉድጓዶች ክሎራይድን፣ አልካላይነትንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን ለኩ። የፈሳሹን ማምለጥ ከዩራኒየም ቀድመው የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው፤ ዩራኒየሙ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

መልስ 3፦
ስለ ውሃው፦ በቼክ ሪፐብሊክ ስትራዥ ፖድ ራልስከም፣ በዚሁ ዘዴ ይሠራ በነበረው የዩራኒየም ማውጫ፣ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈሪክ አሲድ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ጽዳቱ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ተቆፍሮ የሚፈጨው ማዕድንም ከዕዳ አያመልጥም፤ የአለቱ ጨረር 85 በመቶ ገደማ ከሬዲየምና ከቶሪየም ጋር ከተፈጨው አለት በሚተርፈው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈሳሽ ከመግባቱ በፊት የውሃውን ይዘት በየንጣፉ ለኩና መዝግቡ። ያ መዝገብ ከሌለ ውሃው ወደ ነበረበት መመለሱን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።