ክኒን፣ መርፌ ወይስ ክንድ ላይ የሚቀበረው?

ጥያቄ፦ እህቶቼ፣ ካዛንቺስ ነው የምሠራው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ ግን ሥራ ሲበዛ እረሳለሁ። በተግባር የቱ ይሻላል?

መልስ 1፦ ችግሩ መርሳቱ ነው የኔ እህት። ክኒን ሳይዛነፍ ከተወሰደ በዓመት ከ100 ሴቶች አንዷም አታረግዝ ይሆናል፣ በእውነተኛው ኑሮ ግን ወደ 7 ይደርሳሉ። ክንድ ላይ የሚቀበረውና ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ከ1 በታች ናቸው፣ ምክንያቱም ከገቡ በኋላ የሚረሳ ነገር የለም።

መልስ 2፦ እኔ መርፌ እወጋ ነበር፣ በየ3 ወሩ። ቀጠሮ እያሳለፍኩ ስጨነቅ ከረምኩና ክንዴ ላይ አስቀበርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የወር አበባዬ ተዘበራርቆ ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ ጤና ጣቢያ በነፃ ነው የሠሩልኝ።

መልስ 3፦ ከአባላዘር በሽታም የሚከላከለው ኮንዶም ነው፣ ደርቢው። ፖስት ፒልን (የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ ክኒኑን) ግን ቋሚ መከላከያ አታድርጊው፣ በናትሽ።