የወባ መድኃኒት ከእርሾ ይሠራል?

ሰላም ለሁላችሁ! የወባ መድኃኒቱ የኮአርተም መነሻ የሆነው አርቴሚሲኒን ከተክል ብቻ ሳይሆን ከእርሾም ይገኛል ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ሆኖ?

መልስ፦ እውነት ነው። በአሜሪካ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄይ ኪስሊንግና ባልደረቦቹ አርቴሚሲኒን የሚገኝበትን የአርቴሚሲያ ተክል ጂኖች ወስደው በዳቦ እርሾ ውስጥ አስገቡ፤ እርሾው ስኳር እየበላ የአርቴሚሲኒን ቅድመ-ውህድ የሆነውን አርቴሚሲኒክ አሲድ ያመርታል፣ በ2013 በሊትር 25 ግራም ደርሷል። ግን ልብ በል፣ እርሾው መድኃኒቱን አይጨርስም። አሲዱን ወደ አርቴሚሲኒን የሚቀይረውን የመጨረሻ ለውጥ ኬሚስቶች ይሠሩታል፣ የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ ለዚህ ብርሃንና ኦክስጅን ተጠቅሟል።

ሌላ መልስ፦ ሳይንሱ ድንቅ ነው፣ ገበያው ግን ጨካኝ! የተክሉ ዋጋ ሲወርድ የእርሾው ተወደደ፣ ሳኖፊም ፋብሪካውን ሸጠው።

ጠያቂው፦ ታዲያ የእርሾው ዘዴ ከሸፈ ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ተክሉ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም ይዋዥቃል። ወባ ለሚያጠቃን አገሮች እርሾው መጠባበቂያ ሆኖ መቆየት አለበት ባይ ነኝ።