ኖቬምበር 1996 የተመዘገበ ማዝዳ አርኤክስ-7 ከጃፓን ወደ እንግሊዝ፦ ቀረጡ 10 በመቶ ነው ወይስ ዜሮ?

ሮታሪ_ዘለንደን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጃፓን ጨረታ ማዝዳ አርኤክስ-7፣ ኤፍዲ3ኤስ የሚባለውን ልገዛ ነው። ዋጋው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ 4,000,000 የን ነው። በሮሮ መርከብ (መኪናው እየተነዳ በሚጫንበት) እስከ ሳውዝሃምፕተን 1,500 ፓውንድ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ 300፣ የወደቡ ወጪና ቤት ድረስ ማድረሻው 400 ፓውንድ ነው። ጃፓን መጀመሪያ የተመዘገበው በኖቬምበር 1996 ሲሆን ሻጩ ቶሎ ከጫንነው በሴፕቴምበር 2026 ይደርሳል ብሏል። የፋብሪካው መንታ ቱርቦ ወጥቶ በአንድ ትልቅ ቱርቦ ተተክቷል። የወጣው ስላለ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርገን እንልክልሃለን ይላሉ።

አንዱ 10 በመቶ ቀረጥና 20 በመቶ ቫት አለብህ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ለአሮጌ መኪና ቀረጥ የለም፣ ቫቱም 5 በመቶ ነው ይለኛል። የኔ የትኛው ነው? ከጃፓን ጋር የንግድ ስምምነት አለ ሲባልስ ለዚህ መኪና አይሠራም?

ትራንዚተር_ሳውዝሃምፕተን፦
ሁለቱም የነገሩህ ትክክል ነው፤ ልዩነቱ መኪናው በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚገባ ነው። በተራ መኪናነት በ8703 ከገባ ቀረጡ 10፣ ቫቱ 20 በመቶ ነው። ታሪካዊ ዋጋ ያለው መሰብሰቢያ ዕቃ ተብሎ በ9705 ከገባ ቀረጡ ዜሮ፣ ቫቱ 5 በመቶ ይሆናል።

ሂሳቡን እንየው። መጀመሪያ የኑ ወደ ፓውንድ ይለወጣል። ለዚህ የሚያገለግለው ኤችኤምአርሲ (የእንግሊዝ የግብርና የጉምሩክ መሥሪያ ቤት) በየወሩ የሚያወጣው ተመን ነው፤ ባንክህ ገንዘቡን በላክበት ቀን የቆረጠብህ አይደለም። ለሂሳብ እንዲመች 1 ፓውንድ 200 የን እንበል። መኪናው 20,000 ፓውንድ ይሆናል። ጭነቱና ኢንሹራንሱ ሲደመሩበት ሲአይኤፍ 21,800 ነው። ቀረጥ የሚሰላው በዚህ ላይ ነው።

በ8703 ከሄድክ፦
ቀረጥ፦ የ21,800 10 በመቶ = 2,180
የቫት መነሻ፦ 21,800 + 2,180 + 400 = 24,380
ቫት 20 በመቶ = 4,876
ጠቅላላ 7,056 ፓውንድ

በ9705 ከሄድክ፦
ቀረጥ የለም
የቫት መነሻ፦ 21,800 + 400 = 22,200
ቫት 5 በመቶ = 1,110 ፓውንድ

ልዩነቱ 5,946 ፓውንድ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው የመጨረሻውን 400 ነው። ቫት የሚሰላው ቀረጡም የአገር ውስጥ ማድረሻውም ከተደመሩ በኋላ ነው እንጂ በመኪናው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም።

ኢንቮይሱን ደግሞ ልብ ብለህ አንብበው። የጃፓን 10 በመቶ የፍጆታ ታክስ ወደ ውጭ በሚላክ መኪና ላይ መኖር የለበትም። ካለ በማይገባህ ታክስ ላይ ሌላ ታክስ ትከፍላለህ። የሪሳይክል ክፍያ የሚል መስመርም ታያለህ፤ መኪናው ከአገር ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ተመላሽ የሚጠየቅበት ስለሆነ ማን እንደሚወስደው ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አቶ_ታሪፍ፦
ከላይ ያለው ሂሳብ ልክ ነው። የጠያቂው መኪና ግን ዛሬ ባለበት ሁኔታ 9705 ውስጥ አይገባም፤ እንቅፋቱም ሁለት ነው፦ ዕድሜውና የተቀየረው ቱርቦ።

9705 ሦስት ነገር ይጠይቃል። መኪናው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሞዴሉ ከምርት የወጣ መሆን አለበት፤ ኤፍዲ በ2002 ስለቆመ ይህ አያሳስብም። ሦስተኛው፣ በሻንሲው፣ በመሪው፣ በፍሬኑ ወይም በሞተሩ ላይ መሠረታዊ ለውጥ ሳይደረግበት እንደ መጀመሪያው ሊገኝ ይገባል። ጥገናና እድሳት ችግር የለውም። የተበላ አካል መበየድ፣ ሞተሩን አውርዶ በዚያው ዓይነት ማደስ፣ ቀለም መቀባት ሁሉ ይፈቀዳል።

አሁን ወደ ቀኑ። የሚታየው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ተቀባይነት ያገኘበት ቀን ነው፤ መኪናው የተጫነበት ወይም ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ምንም አይረዳም። የጃፓን የኤክስፖርት ሰርተፍኬት ላይ የመጀመሪያ ምዝገባው የሚጻፈው በዓመትና በወር ብቻ ነው፣ ቀን የለውም። ዓመቱም በእነሱ ዘመን ነው። እንደኛው የራሳቸው አቆጣጠር ስላላቸው ወረቀቱ ላይ የምታየው «ሄሴይ 8፣ ወር 11» የሚል ይሆናል፤ ሄሴይ 1 ማለት 1989 ነውና 8 ሲሆን 1996 ይመጣል። ቀን ስለሌለው ወሩ እስኪያልቅ ጠብቆ በዲሴምበር 2026 ማስገባት ከክርክር ያድናል። በሴፕቴምበር ከገባ ሁለት ወር ቀርቶታልና 7,056ቱን ትከፍላለህ፤ ለሁለት ወር ብሎ የሚምር የለም። ከመመዝገቡ ወራት ቀደም ብሎ የተመረተ ሊሆን ይችላል። ይህን ግን ከአምራቹ በተጻፈ ማስረጃ ማሳየት ያንተ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጭነቱን አዘግየው። ስታዘገየው ግን ሌላ ቀን አለ፦ የኤክስፖርት ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። መኪናውን ዛሬ ከምዝገባ አሰርዘው ወረቀቱን ካወጡና ግቢያቸው ውስጥ ካቆዩት፣ ጊዜው አልፎ እንደገና ወረቀት ማውጣት ሊመጣ ይችላል። ሻጩ የሚያሰርዝበትን ቀን ከመርከቡ ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ እንዲወስን በጽሑፍ ጠይቀው። ለማቆያው በቀን ስንት እንደሚያስከፍሉም አብረህ ጠይቅ።

ጋራዥ_ቶተንሃም፦
በቱርቦው ላይ ከአቶ ታሪፍ ትንሽ እለያለሁ። ቱርቦ ተለጣፊ ዕቃ ነው፤ የሞተሩ ብሎክ ያው ከሆነ «ሞተሩ ተቀይሯል» ማለት ይከብዳል። ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ የአየር ማጣሪያ፣ ስቲሪዮ የመሳሰሉት እንደ መሠረታዊ ለውጥ ሊታዩ አይገባም ባይ ነኝ። የሚያሳስበኝ አብሮት የሚመጣው ነው። ነጠላ ቱርቦ የተገጠመበት ኤፍዲ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኩለሩም፣ ነዳጅ መርጫውም፣ ኮምፒውተሩም ተቀይሯል፤ ትልቅ የፍሬን ኪት የተጨመረበትም አለ። ያ ሁሉ ሲደመር «እንደ መጀመሪያው ነው» የሚለው አያስኬድም።

የጨረታውን ወረቀትና የኤክስፖርት ሰርተፍኬቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የሞዴል ኮዱ ካለቀ በኋላ «ካይ» የምትባል አንዲት የጃፓን ፊደል ከተከተለች፣ መኪናው የመዋቅር ለውጥ ተደርጎበት በይፋ ተመዝግቧል ማለት ናት። ትንሽ ስለሆነች ዓይን ያልፋታል፤ የምታውቅ ኦፊሰር ካየቻት ግን 9705 አበቃ።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው፦ መንታውን ቱርቦ ጃፓን ውስጥ መልሰው እንዲገጥሙት አደርጋለሁ፤ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ ሥራው በኢንቮይሱ ላይ ይጻፋል። የእጅ ዋጋው በመኪናው ዋጋ ላይ ይደመራል፤ በ5 በመቶ ቫት ሲታይ ግን ኢምንት ነው። ከመግዛትህ በፊት ታዲያ መንታው መሥራቱን አስፈትሽ። የቫኪዩም ቱቦዎቹ ብዙ ናቸው፣ በሙቀት ይደርቃሉ፣ ሁለተኛው ቱርቦ በ4,500 ዙር አካባቢ አልገባ የሚለውም ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው።

ትራንዚተር_ሳውዝሃምፕተን፦
ፈትቶ ከኋላ መላክ የሚባለውን እርሱት። በሮሮ የሚሄድ መኪና ባዶ መሆን አለበት፤ ልቅ ዕቃ ቢገኝ ወይ አይጫንም ወይ ይጠፋል፣ ኢንሹራንሱም አይሸፍነውም። በኮንቴይነር ቢመጣ እንኳ ለብቻው የተቀመጠ ቱርቦ የመኪናው አካል አይባልም። የራሱ ታሪፍ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 9705 ስለማይገባ ቫቱም 20 በመቶ ነው።

ስለ ንግድ ስምምነቱ፦ አለ፣ የሚሠራው ግን «መነሻው ጃፓን ነው» ተብሎ ለተረጋገጠ ዕቃ ነው። ሂሮሺማ መሠራቱን ሁሉም ያውቃል፤ ጉምሩክ የሚፈልገው ግን የላኪውን የመነሻ መግለጫ ወይም አስመጪው ራሱ የያዘውን ማስረጃ ነው። ከጨረታ ገዝቶ የሚልክ ነጋዴ የ30 ዓመት መኪና ክፍሎች ከየት እንደመጡ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማስረጃ ሳይኖር በዲክላራሲዮኑ ላይ መጻፍ ለኦዲት መጋበዝ ነው። ደግሞ ስምምነቱ ቀረጡን እንጂ ቫቱን አይነካም።

ሉተን_ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምንድን ነው? ዝም ብሎ 9705 ብሎ ማስገባት ነው። ማን ኮፈን ከፍቶ ያያል?

አቶ_ታሪፍ፦
ወንድሜ፣ ኮፈኑን ወደብ ላይ ባይከፍቱትም ዲክላራሲዮኑ ሲያልፍ ነገሩ አያልቅም። ኤችኤምአርሲ ከዓመት በኋላም ቢሆን ፋይሉን መልሶ ማየት ይችላል፤ የጨረታው ፎቶና ወረቀት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አለ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም ትራንዚተሩ ሳይሆን በስሙ የገባለት ሰው ነው።

እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የታሪፍ ውሳኔ ያስወስን። ለኤችኤምአርሲ በኢንተርኔት ይጠየቃል፣ ክፍያ የለውም፣ ውሳኔው ለ3 ዓመት ያገለግላል። ፎቶ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የምዝገባ ወረቀትና የተቀየረው ነገር ሁሉ ዝርዝር ይያያዛል። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ግን መኪናው ባሕር ላይ ሳለ መጀመር ዋጋ የለውም። ጠያቂው እስከ ዲሴምበር ጊዜ ስላለው ይደርስለታል።

ሌላው ብዙ የሚያጋጥመው ትራንዚተሩ ሳይጠይቅ በ8703 አስገብቶ ማስከፈሉ ነው። መኪናው በትክክል 9705 የሚገባ ከነበረ በሲ285 ቅጽ በ3 ዓመት ውስጥ ተመላሽ ይጠየቃል። ከዚያ ይልቅ መርከቡ ሳይደርስ «በ9705፣ በ5 በመቶ ቫት» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉለት፣ የዕድሜ ማስረጃውንም አያይዙ።

ከዱባይ_መጪ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሐል ገባሁ። ዱባይ 4 ዓመት ሠርቼ ቤተሰቤ ወዳለበት ወደ ማንቸስተር ልዛወር ነው፤ የ2015 መኪና አለኝ። 30 ዓመት ልጠብቅ እንዴ?

ትራንዚተር_ሳውዝሃምፕተን፦
አንተማ አትጠብቅም፣ ያንተ መንገድ ሌላ ነው። መኖሪያውን ወደ እንግሊዝ ለሚያዛውር ሰው ቀረጡም ቫቱም ይቀርለታል። ከእንግሊዝ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር የኖርክ፣ መኪናውን ደግሞ ከመዛወርህ በፊት ቢያንስ 6 ወር ይዘህ የተገለገልክበት መሆን አለብህ። ማመልከቻው ቲኦአር1 ይባላል፤ መኪናው ሳይጫን አመልክተህ ቁጥሩን ለትራንዚተርህ ስጥ። ከገባ በኋላ 12 ወር ሳይሞላ መሸጥም ማከራየትም ማዋስም አይቻልም፤ ካደረግክ የቀረልህ ቀረጥና ቫት ይመጣብሃል። የባለቤትነት ወረቀቱ በስምህ እንጂ በመሥሪያ ቤትህ ስም እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

ሮታሪ_ዘለንደን፦
እግዜር ይስጥልኝ። መንታውን ቱርቦ እዚያው አስገጥሜ ከኖቬምበር በኋላ አስገባዋለሁ። ሰርተፍኬቱ ላይ «ካይ» የምትለዋ ፊደል የለችም፣ አሁን አየሁት። ከወደብ ከወጣ በኋላስ ምን ይቀራል?

ጋራዥ_ቶተንሃም፦
በ14 ቀን ውስጥ ኖቫ ላይ (የገባ መኪና ለኤችኤምአርሲ የሚታወቅበት) መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ የተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ዲቪኤልኤ ታርጋ አይሰጥም። አንተ ታስመዘግባለህ ወይስ ትራንዚተሩ የሚለውን ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁም ሌላው አድርጎታል ብላችሁ የምትቀሩበት ቦታ ይህ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነው አይቪኤ የሚባለው የነጠላ መኪና ማጽደቂያ ፍተሻ የለበትም፣ ኤምኦቲ (ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ) ግን በሻንሲ ቁጥሩ ይደረግለታል። የፍጥነት መለኪያው በማይል ማንበብ አለበት፤ ከኋላ ደግሞ በቀኝ በኩል ወይም መሐል ላይ ቀይ የጉም መብራት ያስፈልገዋል። ከዚያ ቪ55/5 ቅጽ፣ ኦሪጅናሉ የኤክስፖርት ሰርተፍኬት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ ኤምኦቲው፣ 55 ፓውንድ የመጀመሪያ ምዝገባና የዓመቱ ቦሎ ይላካል።

ቦሎው ላይ ሮታሪ (በፒስተን ፋንታ በሚሽከረከር ሮተር የሚሠራው ሞተርህ) ይጠቅምሃል። የካርቦን ልቀቱ ያልተመዘገበ አሮጌ መኪና ቦሎ የሚከፍለው በሲሲ ሲሆን ወሰኑ 1,549 ነው። የአርኤክስ-7 ሞተር 1,308 ሲሲ ስለሆነ በዝቅተኛው ይከፍላል። ጃፓኖች ግን አልተሸወዱም፤ የሮታሪን ሲሲ በ1.5 አባዝተው ነው የሚያስከፍሉት። ቪ55/5ን ስትሞላ 1308 ብለህ ጻፍ፤ አንዳንድ ድረ ገጽ ላይ የምታየውን 2.6 ሊትር እንዳትገለብጥ።