ጉልበቴን ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ሩጫ ላቁም ወይስ ልቀጥል?

ቁልቁለቱ፦ ሰላም ናችሁ። ለመጀመሪያ ማራቶኔ እየተዘጋጀሁ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ስሮጥና ደረጃ ስወርድ የጉልበቴን ሎሚ ዙሪያ ያመኛል። ኤምአርአይ ተነሳሁና ውጤቱ «ከሎሚው ጀርባ ያለው ካርቲሌጅ በመጠኑ ለስልሷል፣ ገጹም ሻክሯል፤ ሜኒስከሱ ደህና ነው» ይላል። ካርቲሌጅ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን ነው፤ ሜኒስከስ ደግሞ በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው አሉኝ። ቤት ውስጥ ሁሉም «ጉልበትህን በሩጫ ጨረስከው» እያሉኝ ነው። የሐኪም ቀጠሮዬ ገና ነው። እውነት ሩጫ ካርቲሌጅ ይጨርሳል?

የሰፈር ሰው፦ ወንድሜ፣ አቁም። ጉልበት አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ራዲዮግራፈሯ፦ እንዲህ ቶሎ አንፍረድ። በራጅ የሚታየው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ኤምአርአይ ግን ካርቲሌጁን ራሱን ያሳያል። ቲ2 የሚባለው ልኬት ደግሞ ካርቲሌጁ ገና ሳይሳሳ ውስጡ ያለው ውሃና ኮላጅን (የካርቲሌጁ የፕሮቲን ክሮች) ሲለወጥ ይይዘዋል።

ለዚህ ጥያቄ በጣም የምወደው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሯጮች ከጣሊያኗ ባሪ ተነስተው በ64 ቀን ኖርዌይ ጫፍ ድረስ ሮጡ። 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ አንድ ቀን እረፍት! የጀርመኑ ኡልም ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ኤምአርአዩን በከባድ መኪና ጭነው መንገዱን ሁሉ ተከተሏቸው። በመጀመሪያዎቹ 1,500 እስከ 2,500 ኪሎ ሜትር የጉልበትም የቁርጭምጭሚትም ካርቲሌጅ የመጎዳት ምልክት አሳየ፤ ከሎሚው ጀርባ ያለው ብቻ ሲቀር። ከዚያ በኋላ ግን የቁርጭምጭሚቱና የተረከዙ አካባቢ ካርቲሌጅ ሩጫው ሳይቆም ማገገም ጀመረ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ካርቲሌጅ የሚያገግመው በእረፍት ብቻ ነው ይባል ነበርና። እነዚያ ሯጮች ግን ለዓመታት የሠለጠኑ ናቸው።

ቁልቁለቱ፦ እኔ ደግሞ ጀማሪ ነኝ። የታመመውም ሎሚዬ ነው!

ራዲዮግራፈሯ፦ ለአንተ የሚቀርበው የለንደኑ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. የ2017ቱን የለንደን ማራቶን ሊሮጡ የተዘጋጁ 82 ጀማሪዎች ከልምምዱ በፊትና ከውድድሩ በኋላ ኤምአርአይ ተነሱ። ከሎሚው ጀርባ ያለው ካርቲሌጅ በተወሰኑት ላይ ትንሽ ባሰ። ዋናውን ክብደት የሚሸከሙት የጭንና የቅልጥም አጥንት ጫፎች ግን ተሻሻሉ። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲታዩ የሎሚው ለውጥ በአብዛኛው ተመልሷል።

ፊዚዮ ነኝ፦ ካርቲሌጅ ነርቭም ደም ስርም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ በኩል፣ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ጨርሶ መቀመጥ አይጠቅመውም። ሕመም ሳይኖርባቸው ኤምአርአያቸው እንዳንተ የሚነበብ ሰዎችም ብዙ ናቸው። ሪፖርቱን ብቻ አይተህ አትደንግጥ።

እስከ ቀጠሮህ ቁልቁለቱን ተወው። ሎሚውን ከጭኑ አጥንት ጋር በኃይል የሚያጣብቀው እሱ ነው። ኪሎ ሜትሩን ቀንስና ሜዳ ላይ ሩጥ። እርምጃህን አሳጥረህ ቶሎ ቶሎ ርገጥ፤ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። የጭንና የዳሌ ጡንቻህንም አጠንክር። ስትሮጥ የተሰማህ ሕመም ጠዋት ስትነሳ ካለ፣ አብዝተሃል ማለት ነው። ጉልበቱ ካበጠ፣ አልታጠፍ ካለ ወይም ከከዳህ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

የጃን ሜዳ ልጅ፦ ለቤተሰቦችህ ይሄን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር አለ። የዳሌ ወይም የጉልበት አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መጎዳት በሽታ) የተገኘው ለጤናቸው ከሚሮጡት 3.5 በመቶው፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶው ላይ ነው። ለውድድር በሚሮጡት ላይ ግን 13.3 ነው፤ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጃን ሜዳ ና፣ ሣሩ ላይ ቀስ ብለን እንሮጣለን።

ቁልቁለቱ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐኪሙ ሪፖርቱን ብቻ ይዤ ልሂድ?

ራዲዮግራፈሯ፦ ሲዲውንም ያዝ። ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል።